ሁለተኛው ድስት

በዓል በደረሰ ቁጥር የማይቀር አንድ ፕሮግራም አለ። ጋዜጠኛ ማይክ ይዞ ወሎ ይወርዳል። ነጠላ ያጣፋ ክርስቲያንና ኮፍያ ያደረገ ሙስሊም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሴትዮዋ ቡና ትቀዳለች፤ የዕጣኑ ጭስ ይትጎለጎላል፤ «እኛ ዘንድ ልዩነት የሚባል ነገር የለም» ይባላል፤ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ አለቀ። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ ይህችን ንግግር በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ልዩነትማ አለ። ጓሮ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ጉልቻ ላይ ተጥዶ ይንተከተካል። ካሜራው ጓሮ ድረስ አይዘልቅም እንጂ።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ጓሮ ነው። በዓልን ከወዳጅ ጋር መብላት በእኛ አገር ምን ያህል ሥራና ወጪ እንዳለበት፣ ያ ሥራና ወጪ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዴት ቀስ በቀስ እየቀረ እንደሆነ።

ቆቦን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ተነስታችሁ በአውራ ጎዳናው ወደ አላማጣ ስትጓዙ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ወዲያ አፋር ነው። አገሩ የማሽላ አገር ነው። ዱሮ ሚያዝያ ላይ በበልግ ዝናብ የሚዘሩት እነ ደጋሌትና ጅጉርቴ፣ ሰው ከነግመሉ የሚሸሽጉ ረጃጅም ማሽሎች፣ ዝናቡ እየዘገየ ሲያስቸግር ለጤፍና ቶሎ ለሚደርሱ ዘሮች ቦታ እየለቀቁ ነው። በጉድጓድ ውሃ መስኖው ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመኪናው ይጫናል። አዲስ አበባ ለበዓል ዶሮ ወጧን ስታቁላላ ዓይኗን ከሚያቃጥላት ሽንኩርት ከፊሉ የእኛ ነው። ይህንን የምናገረው ለኩራት ያህል ነው፤ ወደ ጓሮው ልመለስ።

ፋሲካ ነው እንበል። ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ቅዳሴው ወጥቶ ገድፈን፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎን ስንነሣ ግቢው ውስጥ ሁለት በግ ታስሮ ይቆማል። አቅም ከሌለ አንድ በግና አንድ ዶሮ፤ እሱም ካልተቻለ ሁለት ዶሮ። የመጀመሪያው የቤቱ ነው። አባወራው ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ዞብል፣ አዙሮ «በስመ አብ» ብሎ ይባርከዋል። ሁለተኛውን ግን የቤቱ ሰው ቢላ አያሳርፍበትም። ሙስሊሙ ወዳጅ ረፈድ ሲል ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፤ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ፣ ጥቂት ተጫውቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በጉን ወደ ቂብላ ያዞራል። ቂብላ ደግሞ ቆቦ ላይ ድፍን ሰሜን ነው፤ ካርታ ብታዩ መካና ቆቦ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ጥቂት ነው የሚቀራቸው። እናም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጠዋት፣ አንዱ በግ ዞብልን እያየ፣ ሌላው አላማጣን እያየ ይታረዳል። እኔ የወሎን ነገር አስረዳ ብባል በዚህች እጀምር ነበር።

ማረዱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የሴቶች ነው። ሁለተኛው በግ በቤቱ ድስት አይሠራም። ድስቱ ከሙስሊም ጎረቤት ይመጣል፤ ከድስቱ ጋር ብዙ ጊዜ ጎረቤቷ ራሷ ትመጣለች፤ እሳቷን ለብቻ ታነዳለች፤ መክተፊያውም ለብቻ ነው። በሠርግ ጊዜ ይኸው ነገር ይገዝፋል፤ ዳሱ ሁለት ይሆናል፤ የቅሬው፣ የእድሩ፣ ትልልቅ ድስቶች በቀለም ስማቸው ተጽፎባቸው ይወጣሉ፤ ሙስሊሞቹ ሠራተኞች በዚህ፣ ክርስቲያኖቹ በዚያ። የቤት በዓል ሲሆን ግን ጓሮው ጠባብ፣ ልጁ ብዙ፣ ወሬው ሞቅ ያለ ነውና አደጋው የሚመጣው ከድስቱ ሳይሆን ከጭልፋው ነው።

እናቴ ለዚህ ስትል የእንግዳውን ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ትቋጥር ነበር። አንድ ፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴ ልጅ፣ ልርዳ ብላ፣ የቤቱን ጭልፋ ከዶሮው አውጥታ ቀዩ ጨርቅ ያለበትን ድስት አማሰለችበት። ማንም አላያትም። ራሷም ምን እንዳደረገች አላወቀችም። እናቴ ግን ከጭልፋው የሚንጠባጠበውን አየች። አልተቆጣችም። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችው፤ ገንዘብ ከመቀነቷ ፈትታ ታናሽ ወንድሜን ዶሮ እንዲገዛ ሰደደችው፤ ከዚያ ሳሎን ገብታ በግልጽ ተናገረች።

«ድስቱ ተነካክቷል። ትንሽ ታገሡኝ።»

«አብሽሪ እትዬ» አለ የአባቴ ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊው። «ቡናው ይበቃናል እኮ።»

«አይበቃችሁም። በእኔ ቤት በፋሲካ ቡና ጠጥታችሁ ልትሄዱ?»

ጠበቁ። ዶሮው መጣ፣ ልብስ ሰፊው ራሱ ወጥቶ አረደው፣ ተገነጣጠለ፣ ተቁላላ፤ ሲቀርብ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። እስከዚያ ድረስ አባቴም አልበላም፤ እንግዳው ሳይቆርስ እሱ አይቆርስም። ርቦት ሲነጫነጭ ትዝ ይለኛል፤ በእንግዳው ላይ አይደለም፣ በዶሮው ላይ ነው። ምን ያህል ይበስላል ይሄ ዶሮ፣ ይል ነበር።

ያቺ የአክስቴ ልጅ በኋላ የጠየቀችውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ለምን ዝም አላለችም? ማን ያውቅ ነበር? ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ወዳጅነቱ የተሠራው በዚያ ላይ ነው፤ እንግዳው ያላየውን ነገር የቤቱ ሰው ሊያይለት በመቻሉ ላይ። ልብስ ሰፊው እናቴ ቤት ሲገባ አይጠይቅም። የትኛው ድስት፣ የማን ቢላ፣ ማን ነካው አይልም። የማይጠይቀው የሚጠይቅለት ሰው ጓሮ ስላለ ነው።

ስለዚህ «ልዩነት የለም» ባዩን ፕሮግራም የማልወደው እናቴን ከሥራዋ ውጪ ስለሚያደርጋት ነው። ልዩነት ከሌለ ቀዩ ጨርቅ ለምን ነበር? አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ የገጠመኝ ደግሞ ሌላኛው ነው፤ «ሥጋ ሥጋ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚል ዘመናዊ። እሱ ራሱን እንደ ሰፊ ሰው ያያል። እኔ ሳየው ግን የቤት ሥራውን ለእንግዳው የሚያሸክም ሰው ነው፤ እንግዳው ወይ ይበላና ይጨነቃል፣ ወይ አልበላም ብሎ ያፍራል። እናቴ ቤት የሚያፍር ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቅርጫ ልውሰዳችሁ፤ ያለ ቅርጫ የበዓል ወዳጅነት ሙሉ አይሆንም። የእኛ የራያ ሰንጋ ስሙ የታወቀ ነው፤ ቀንዱ ረጅም፣ ቁመናው ሸጋ፣ በማሽላ አገዳና ቆረቆንዳ የደለበ። ለአንድ ቤት ይበዛል፤ ስለዚህ ወዳጅ ይሰበሰባል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ የሰፈር ልጅ፣ አብሮ አደግ። ብር ያዋጣሉ፤ ከመካከላቸው ዓይን ያለው አንድ ሰው ገበያ ወርዶ በሬውን ይመርጣል፤ ይህ ሰው በቀጣዩ ዓመት በሬው ቀጭን ከነበረ የሚሰደበው ሰው ነው። በሌላ አገር ቅርጫ ቀኑን ሙሉ ይጎተታል። ቆቦ ላይ አይቻልም፤ ሙቀቱ አይፈቅድም። በሬው የሚጣለው ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ከዞብል ሳትወጣ ቆዳው ተገፎ፣ ብልቱ ተለይቶ፣ መደቡ ተደርድሮ ማለቅ አለበት።

መደቡን መደርደር ጥበብ ነው። ቅጠሉ ይጎዘጎዛል፤ ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከወርቹ፣ ከጎድኑ፣ ከሻኛው ለእያንዳንዱ ክምር ትንሽ ትንሽ ይጣላል፤ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም። የሚደረድረው ሰው ይራመዳል፣ ቆም ይላል፣ ከአንዱ ቁራሽ አንስቶ ለሌላው ይጨምራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌላው ከላይ ቆሞ «ያ ሦስተኛው ቀላል አልሆነም?» ይላል። አጥንቱ በመጥረቢያ ይሰበራል፤ መቅኑ እኩል እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚያ ዕጣ። ሁሉም የየራሱን ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ የበር ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የብዕር ክዳን። የማንን ምልክት እንደያዘ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥላል። ያኔ መምህሩ ከሊስትሮው፣ ኃላፊው ከጥበቃው እኩል ነው፤ የወጣለትን ይወስዳል። እኩልነትን ቀምሶ የማያውቅ አለቃ በቅርጫ ቀን ቁልፉን አውጥቶ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ ዱለቱ እዚያው ይመታል፤ ከመደብ ውጪ የሆነ ቁርጥራጭ ምጣድ ላይ ይወረወራል፤ የዘንጋዳ ጠላ ይመጣል።

በሙስሊሙ በኩል የአረፋ ቅርጫ አለ። የሱ ሥርዓት ቁጥር አለው፤ አንድ በሬ ለኡድሒያ ከሰባት ሰው በላይ አይጋራውም፤ ሥጋውም ለቤት፣ ለዘመድ ወዳጅና ለድሃ ተብሎ ሦስት ቦታ ይከፈላል። እዚህ ላይ ክርስቲያኑ ወዳጅ ችግር ይሆናል፤ የወዳጅ ድርሻ አለው፣ ሊበላው ግን አይችልም። መፍትሔው ዱሮም የነበረ ነው፤ ፍየል። «ይኸው ፍየሏ፤ ቢላው የናንተ» ይባላል። በ2017 አረፋ የዋለው ግንቦት 29 ቀን፣ ዓርብ ነበር። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ አልወጣም ነበርና ክርስቲያኑ አልጾመም፤ ፍየሏ አላመለጠችም። ለእንግዳው ብርዝ፣ ለሁሉም ቡና። ጠጅ የሚፈልግ ከቤቱ ይዞ ይምጣ ይባላል፤ ይዞ የሚመጣ ግን የለም፣ በሰው ቤት ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ለሚል ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ በአጭሩ አልፈዋለሁ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ካዘዙ በኋላ ስንቱ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። አንዱ ወንድም ጸና፣ አንዱ ገባ፤ አንዱ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆነ። በግዴታ ተጀምሮ በዝምድና የቀረ ነገር ነው። ወንድም ወንድሙን በበዓል ቀን ምን ያብላው? ሁለተኛው ድስት የተጣደው ለባዕድ አልነበረም፤ ለሥጋ ዘመድ ነበር። ለወዳጅ የተረፈው ከዚያ ነው።

መስመሩ ደግሞ ሲጠብቅም ሲላላም የኖረ ነው። ዛሬ ሁለቱም ወገን አብሮ የሚጠጣው ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ለክርስቲያኑ የእስላም መጠጥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ታወግዘው ነበር። አሁን ቄሱ ሦስተኛውን በረካ ሳይጠጣ አይነሣም። ስለዚህ «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ለዘላለምም እንዲህ ይኖራል» የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ ሊለወጥ ይችላል። የሚያሳስበኝ ወዴት ይለወጣል የሚለው ነው።

ጥሩውን ለውጥ ያየሁት በ2016 ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2 ቀን፣ ሰኞ። ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ምሳ ቤቶች ጭር አሉ። ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን፣ ረቡዕ ሲውል ክርስቲያኑ ገና ግማሹን ጾም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበርና። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2015፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ ሚያዝያ 13 ውለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት በዓል፣ ሁለት በግ፣ ሁለት ድስት ነበር። በ2016 ግን የዒዱ እንግዳ ሥጋ አይበላም፣ ወተት አይጠጣም፣ ቅቤ የነካ አይቀምስም።

እንደዚያ ያለ ዒድ ላይ አንድ ወዳጄ ቤት ተጠራሁ። ከአብሮ አደጎቼ ጋር ነው የሄድነው፤ በጾም የሚያስቀድሱትን ለመጠበቅ ግብዣው ለዘጠኝ ሰዓት ተደረገ። ወዳጄ ጠዋት ከሶላት መልስ ከዘመዶቹ ጋር በልቷል፤ ዒድ ነው፣ መጾም የለበትም። ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር እንደገና ለመብላት ተቀመጠ። ባለቤቱ ሱፍ ፍትፍት ሠርታለች፣ በዚያ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ሱፍ ፍትፍት ጀነት ነው፤ ስልጆ አለ፣ ምስር አለ፣ የቲማቲም ቁርጥ አለ፣ ሽሮው በነጭ ሽንኩርት አብዷል። እንጀራው የማሽላ ነው፣ ለስላሳ። እኔ የቤት ሰው ነኝና ጓሮ ዞርኩ። የሽሮው ድስት ላይ የማውቀው ምልክት አየሁ፤ የጎረቤታቸው የክርስቲያኗ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች።

«የኔ ድስት ሁሉ ቅቤ ያውቃል» አለችኝ። «የእትዬ ግን አንድ ወር ሊሞላው ነው ቅቤ ካየ። ትናንት ነው ያስመጣሁት።»

በፋሲካ ከሙስሊም ቤት ወደ ክርስቲያን ቤት የሚሄደው ድስት በዚያ ዓመት ወዲህ መጣ። እና አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሳህን አልተለየም፣ እሳት አልተለየም፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ቆረስን። ጉርሻው ከማን ወደ ማን እንደሆነ የሚቆጥር አልነበረም። ወዳጄ ሥጋ ወዳድ ነው፤ «ዛሬ ዒዴን አስጾማችሁኝ» እያለ ሲያማርር ዋለ፤ ሽሮውን ግን ጠርጎ የበላው እሱ ነው። ይኸው ነገር በ2017ም ተደገመ፤ ዒድ መጋቢት 21፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። የጨረቃው ዓመት በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚሄድ ዒድ አልፈጥር ለጥቂት ዓመታት ገና በጾሙ ውስጥ ይውላል፤ ከዚያ ወጥቶ በጥምቀትና በጾሙ መካከል ይገባል። ያኔ እንደገና በግ ነው።

ስለ ድግስ ሳወራ አገሩ የጠገበ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም። ዓለም ራያን ያወቀው በሌላ ነው። ከአላማጣ በላይ ተራራው ላይ ካለችው ከኮረም ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ያሰራጨው ዘገባ ዛሬም ድረስ የረሃብ ምስል ሆኖ ይጠቀሳል። በእኛ ሰፈር «ሰባ ሰባት» ሲባል ዓመተ ምሕረት መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። አባቴ ትሪ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ሲጣል ካየ ያነሣው ነበር፤ አንድም ቀን ምክንያቱን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ደግሞ፣ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ያወጣው ሪፖርት ዘርዝሮታል። ከሁለት ቀን በኋላ እንቁጣጣሽ ነበር። ቄጠማ የጎዘጎዘ ቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዓል ላይ የሚጎድል ወዳጅ የሌለው ማኅበር ለማግኘት ይቸግራል፤ አንዳንዱ ሞቶ፣ አንዳንዱ ተሰድዶ፣ አንዳንዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቀው አላማጣ ሆኖ ግን እንደ ዱሮው ሳይሆን። ስለዚህኛው ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ለዛሬ እንዲህ ይብቃ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የበዓል ገበያ የሚያዋራ አልሆነም። በደመወዝ የሚኖር ሰው ለቅርጫ የሚያዋጣትን መቆጠብ የሚጀምረው ከበዓሉ ወራት በፊት ነው። በዚህ ላይ ሁለተኛ በግ? እናም ሰው ይቀንሳል፤ መቀነሱ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ምን እንደሚቀንስ ነው። ቢራው አይቀነስም። የልጆቹ አዲስ ልብስ አይቀነስም። በቴሌቪዥን የሚታየው ዓይነት ባለ ሁለት ደረጃ ኬክ፣ ፋሲካ ከኬክ ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ፣ አይቀነስም። የሚቀነሰው ሁለተኛው ድስት ነው። «ዘንድሮ በዘመድ ብቻ ነን» ይባላል። ወዳጁም ይገባዋል፤ በስልክ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፤ ምስል ይልካል፣ አበባና ሻማ ያለበት። ዒድ ሲመጣ እሱም በዘመድ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ተደርጎ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ይቋረጣል።

በዚህ ላይ ስብከቱ አለ። ከሁለቱም ወገን በየስልካችን ላይ የሚመጣ፣ ወደነሱ በዓል አትሂድ፣ አትብላ፣ እንኳን አደረሳችሁ አትበል የሚል። የቆቦ አዛውንት እንዲህ ያለውን ሰባኪ አይከራከሩትም፤ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ልጆቻቸው ግን ይሰሙታል። ሰባኪው ያልቻለውን የበግ ዋጋ ሲያግዘው ነው የሚያስፈራኝ፤ አንዱ ምክንያት ይሰጣል፣ ሌላው ሰበብ።

ውጭ አገር ያሉት ወዳጆቼ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ሜሪላንድ ያለ የቆቦ ክርስቲያን ሱፐርማርኬት ገብቶ የሚገዛውን ሥጋ ማን እንዳረደው፣ ወዴት አዙሮ እንዳረደው አይጠይቅም። በፋሲካ ግን ገጠር ድረስ ነድቶ ከእርሻ በሬ ገዝቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቅርጫ ገብቶ፣ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። አብሮ አደጉን ሙስሊሙንም ይጠራዋል፤ ፍየል ለብቻ ይገዛለታል። አገር ቤት ያለው ወንድሙ «በዘመድ ብቻ ነን» በሚልበት ዓመት ማለት ነው። ናፍቆት ይሁን ዶላር አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በግ ማቅረብ ያቃተው ሽሮ ያቅርብ። በ2016 ያየሁት ዒድ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ወዳጅ የመጣው ለሥጋው አልነበረም። ፋሲካ ላይ ሙስሊም ወዳጁን ምስርና እንቁላል ያበላ ሰው አላሳፈረም። በቅርጫ ለሚገቡ ደግሞ፣ ገንዘቡ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ጥቂት ብር ጨምሮ የወዳጅ በግ ይገዛ። አንድ በግ ለሁሉም፤ ሙስሊሞቹ ወዳጆች መጥተው ያርዱት፣ ድስቱ ከነሱ ይምጣ፣ አንድ ግቢ ላይ ይበላ። ለአንድ ሰው ሁለት በግ ከባድ ነው፤ አሥር ሰው ሆኖ አንድ በግ ግን ይቻላል።

ይህንን ለአብሮ አደጎቼ በስልክ አቀረብኩ። በሬ መራጫችን ወዲያው ተስማማ፤ ኃላፊነቱ ስለሚያስደስተው ነው፣ በግም እሱ ሊመርጥ። ሌላው የተቃወመው በቆዳው ነው። የበጉ ቆዳ የማን ይሆናል አለ። ዱሮ የቆዳ ብር ለጨውና ለበርበሬ ይበቃ ነበር፤ ሰው ይጣላበት ነበር። አሁን ግን የበዓል ማግሥት የቆቦ መንገድ ዳር ቆዳ ተጥሎ የሚያነሣው አይገኝም። «ምን ታደርግበታለህ?» አልኩት። «ምንም» አለ። «ግን ዕጣ ይጣልበት።» ይጣልበታል ብለን ተስማምተናል።